የየትኛው ዛፍ ፕሮፖሊስ?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ እንግዳ ፕሮፖሊስን፣ ንብ ከዛፍ ሙጫ የምትሠራውን ማጣበቂያ፣ ሲያወድሱ ሰማሁ። "ኢሚዩኒቲ ይጨምራል፣ ብግነት (የሰውነት መቆጣትና ማበጥ) ያጠፋል፣ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ አስም ያለበት ልጅም ይጠጣዋል" አሉ። ጋዜጠኛው አንዲት ጥያቄ እንኳ አላነሳም።

ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም? ኮሶም እኮ ተፈጥሯዊ ነው! ፕሮፖሊስ የቆዳ አለርጂ እንደሚያመጣ ከታወቀ ቆይቷል፤ አናቢዎች ራሳቸው ይጠቁበታል። ይባስ ብሎ አለርጂውን ከሚቀሰቅሱት አንዱ ያው በፕሮፖሊስ ውስጥ ያለው፣ የሚወደሰው ንጥረ ነገር ነው፤ ካፌይክ አሲድ ፌኔቲል ኤስተር፣ ባጭሩ ኬፕ።

ኬፕ ባዶ ወሬ ነው አልልም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ የላብራቶሪ ጥናት ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን፣ በሴል ውስጥ ብግነትን የሚያስነሳ ፕሮቲን እንደሚገታ አሳይቷል። ግን ብግነት እኮ ራሱ የሰውነት መከላከያ ሥራ ነው። ብግነትን ማብረዱና መከላከያን መጨመሩ ባንድ ጠብታ እንዴት ይሸጣሉ? ያውም የተሞከረው ባብዛኛው በሴልና በአይጥ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ፕሮፖሊስ አንድ ነገር አይደለም። ንቧ ከዛፍ እምቡጥና ቅርፊት ሙጫ ትለቅማለች፣ ከሰም ጋር ትለውሰዋለች፣ የቀፎዋን ስንጥቅ ትደፍንበታለች። ዛፉ ሲለወጥ ኬሚካሉም ይለወጣል። ኬፕ በዋናነት የሚታወቀው የአውሮፓ ንቦች ከፖፕላር ዛፍ ከሚለቅሙት ነው። የብራዚሉ አረንጓዴ ፕሮፖሊስ ከሌላ ቁጥቋጦ ስለሚመጣ መታወቂያው አርቴፒሊን ሲ የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነው። እሺ፣ የእኛዋ፣ የጣና ዳሯ የዘጌ ንብ ከምን ትለቅማለች? ከብሳና? ከዋንዛ? ከባሕር ዛፍ?

ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ ጠርሙሱን አገላብጬ አየሁት። ቡናማ፣ አውራ ጣት የምታክል፣ ማንጠባጠቢያ ያላት። "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ" ይላል። የዛፍ ስም የለም። የኬፕ መጠን የለም። የንብ ሥዕል ግን አለ። ሻጩን ስጠይቀው "ጥናቱ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል" አለኝ። ሞልቷል እንጂ! የሰው አገር ዛፍ ጥናት።

የአናቢው ገበያ ይዘጋ አላልኩም። ከቀፎው ፍሬም ላይ ፍቆ የሚጥለውን ፕሮፖሊስ ቢሸጥ ደስ ይለኛል። ግን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ። ከዘጌ ቀፎ ናሙና ይወሰድና ይለካ። ከዚያ ከንቧ ሥዕል አጠገብ የዛፉን ስምና የንጥረ ነገሩን መጠን ጻፉበት። እስከዚያ "ኢሚዩኒቲ" የሚለውን ፍቁልን፤ የአስም ሕመምተኛ ልጆችንም ተዉአቸው።