ደባል ሸክላ

ባለፈው እሁድ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን ሳለ ከመካከላችን ወጣቱ አንድ አሮጌ ሸክላ ከቦርሳው አወጣ። በ1982 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዋሽንግተን የወጣ የሃርድኮር ፓንክ፣ ማለትም በጣም ፈጣንና ጩኸት የበዛበት የሮክ ሙዚቃ፣ ሸክላ ነው። በአንዱ ፊት ፌይዝ የሚባለው ባንድ አለ፣ በሌላው ፊት ቮይድ።

«ለግማሽ ሸክላ ነው ይህን ሁሉ ብር ያወጣኸው?» አሉት ጋሼ። «ብቻውን ማሳተም ያቃተው ነው ከሰው የሚዳበል። እነዚህ ደባሎች ናቸው።»

«ጋሼ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አላቸው ልጁ።

«ሎሚና ሙዚቃን ምን አገናኘው?»

የጋሼ መልስ በቃ ይኸው ነበር። ቀጥለው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱ ሸክላ እንደነበረው ነገሩን። ሁለት ባንድ በአንድ ሸክላ ማለት ሁለት ሚስት በአንድ ቤት ነው አሉ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ በየጊዜው ድምፃቸው ብቻ ነው የጨመረው። የዚያን ጊዜው ትንሽ ሸክላ በየፊቱ አንድ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዝ እንደነበር ግን አላነሱም። ያንን አንድ ዘፋኝ ቢሞላው ምን ይገርማል?

የፓንኮቹ ነገር ሌላ ነው። ዘፈናቸው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ባንድ 12፣ 12 ዘፈን አስገብቶ አንድ አንድ ፊት ሞላ። ለየብቻ ቢያሳትሙ ወጪው እጥፍ፣ ሸክላው ደግሞ ግማሹ ባዶ ይሆን ነበር። አሳታሚው ዲስኮርድ ራሱ ወጣቶች በ1980 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሸክላውን ልባስ በእጃቸው እያጠፉ፣ እያጣበቁ ነው የሠሩት። ከባንዶቹ ጋር የውል ወረቀት አይፈራረሙም፤ ትርፉን በቃል ተስማምተው ይካፈላሉ። ሃምሳ ሎሚ ማለት ይኸው ነው።

እስካሁን ዝም ብላ የምታዳምጠው እህታችን «የትኛው ፊት ነው የሚሻለው?» ብላ ጠየቀች። የልጁ ፊት በራ። አርባ ዓመት ያለፈው ክርክር ነው አላት። የፌይዝ ድምፃዊ አሌክ ማኬይ የኢያን ማኬይ ወንድም ነው፤ ኢያን ደግሞ ከዲስኮርድ መሥራቾች አንዱ ነው። የፌይዝ ሙዚቃ ፈጣን ቢሆንም መልክ አለው። ስትገለብጪው ግን ቮይድ ይመጣብሻል። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኮሎምቢያ ከምትባለው ከተማ የወጡ ልጆች ናቸው። ጊታሩ ልጓም የበጠሰ ፈረስ ነው። ለፌይዝ ብሎ የገዛ ሰው ሳያስበው ቮይድን ይዞ ቤቱ ይገባል።

እኔን የገዛኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ቮይድ ከዚያ በኋላ ሙሉ አልበም ቢቀርጽም ሳይወጣ ነው ባንዱ የተበተነው። ያ የተናቀው ግማሽ ሸክላ ባይኖር ማን ያስታውሳቸው ነበር? ይህን ስነግራቸው ጋሼ ወደ ቡናቸው ዞሩ። እኔም በተራዬ አልኳቸው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ነገሩ ያንገበገበኝ በሸክላው ብቻ አይደለም። ዕድርና ዕቁብ ይዘን የመጣን ሰዎች ዛሬ አንድ ማስታወቂያ ላይ ሁለት ስም ማየት አቅቶናል። የማን ስም ከላይ ይጻፍ፣ የማን ፎቶ ይተልቅ ተብሎ ስንት ነገር ፈረሰ! ሁሉም የየራሱን ቻናል ከፍቶ ለየብቻው ይጮኻል። አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ የማውቃቸው ሁለት ድምፃውያን አብረው ሊዘፍኑ ተስማምተው ነበር። ማን መጨረሻ ላይ ይውጣ በሚለው ተጣሉ። በአንድ ምሽት ሁለት አዳራሽ ተከራዩ። እኔ ሁለቱንም ስለምወድ ሁለቱም ጋ ትኬት ቆረጥኩ። ሁለቱም ጋ ከፊት ያለው ወንበር እንኳ አልሞላም ነበር።