«የጨጓራ ነው» ያሰኘናት እኛ ነን

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ተዝካር ላይ ከጎኔ የተቀመጠች ጎረቤቴ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ከቦርሳዋ አንድ ክኒን አውጥታ በውኃ ዋጠች። ክፋት አልነበረብኝም፤ ምላሴ ቀደመኝና «ምንድን ነው የምትውጪው?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሦስት ሴቶች ዞር አሉ። «የጨጓራ ነው» አለች። ከሦስቱ አንዷ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በደግነቷ የሚያውቃት ሴት፣ ተነሥታ ቤቷ ሄደችና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ይዛ መጣች። «እኔን ያዳነኝ ይህ ነው» ብላ በማንኪያ አጠጣቻት። ጎረቤቴም እምቢ ብትል ሌላ ጥያቄ እንዳይከተላት ፈርታ ጠጣችው።

የዋጠችው የጨጓራ መድኃኒት እንዳልነበረ ከወራት በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ፀረ-ኤች አይ ቪ ነበር። በዚያ ክኒን ውስጥ ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት አለ። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ አብሮት ከተወሰደ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ አስሮ አብዛኛው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ክኒኑ ከማስታገሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ይህን ሐኪሙ ነግሯት ታውቀዋለች። እያወቀች ጠጣችው። እኔ በአፌ፣ ያቺ ደግ ሴት በማንኪያዋ የዚያን ቀን መድኃኒቷን አበላሸንባት።

ወገኖቼ፣ ስለዚህ መድኃኒት ስንናገር ምክራችን ሁሉ ለታማሚው ነው። አታቋርጥ፣ ሰዓት አክብር፣ ቀጠሮህን አትርሳ እንላለን። ይህን ያልሰማ ታማሚ የለም። ባለሙያዎቹ «የመድኃኒት ቁርኝት» ብለው በየቀጠሮው ይነግሩታል። የዛሬው ወቀሳዬ መድኃኒቱን ለማንወስደው ነው።

መዋጡማ ቀሎ ነበር። ነፃ ሕክምናው በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ታማሚው በቀን ሁለት ጊዜ ሰዓት እየጠበቀ ብዙ ክኒን ይውጥ ነበር። ዛሬ ለአብዛኛው ሰው በቀን አንዲት ክኒን ናት፤ ከምግብ ጋር ብትወሰድ ያለ ምግብ ብትወሰድ ችግር የለውም። ሰዓቱ ማታ ከሆነ የሁዳዴ ጾም አይነካውም፤ ረመዳን የሚጾመውም በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሊወስዳት ይችላል። የጠፋው የሚዋጥበት ቦታ ነው። ጎረቤቴ ማታ ቤቷ ሰው ስለማይጠፋ ነው ሰዓቷን ቀን ላይ ያደረገችው። በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት የምትኖር ሰው ምን ትደብቃለች? የክኒኑን ነጭ ጠርሙስ ወረቀት ልጣለች፤ ሲነሣ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች፤ በፌስታል ጠቅልላ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ቀብራዋለች። በፋሲካ ሰሞን ከአገር ቤት እንግዶች መጡ። የአክስቷ ልጅ «ወጡን እኔ ልሥራ» ብላ በርበሬውን ስትጠይቅ፣ ጎረቤቴ ጠርሙሱን ነጥቃ ሥራ ቦታ ወስዳ ቆለፈችበት። በዓል ነውና ሥራ ቦታዋ ተዘጋ፤ መድኃኒቷ አራት ቀን አለፋት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኛ ግን በሽታውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም አስደበቅነው።

አንድ ቀን የረሳ ባስታወሰ ጊዜ ይውጠዋል፤ ይህ ብዙ አይጎዳም። ጉዳቱ መቆራረጡ ሲለመድ ነው። በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሲሳሳ ቫይረሱ ይባዛል፤ እየተባዛም መድኃኒቱን ይላመዳል። ያን ጊዜ ሰውየው ወደ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ይዛወራል፤ ክኒኑም ይበዛል። በአንጻሩ ሳያቋርጥ የወሰደና በምርመራ ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። ይህ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። ታዲያ የተከራያችሁን ብርጭቆ ለብቻ የምታስቀምጡ አከራዮች ምኑን ነው የምትሸሹት?

ከሰው ዓይን ለመራቅ ሌላ ከተማ ሄደው መድኃኒት የሚያመጡ አሉ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ሰው፣ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ቀጠሮው ያልፈዋል። እዚያው ከተማው ባለው ጤና ጣቢያ በር ላይ ግን እናንተ አላችሁ፤ ማን ገባ ማን ወጣ እያላችሁ።

በጸበል ቦታ «እምነት ካለሽ ክኒኑን ጣይው» የምትሉ፣ በአዳራሽ «ተፈውሰሃል» ብላችሁ ሰው መድኃኒቱን መድረክ ላይ እንዲወረውር የምታደርጉ፣ እናንተ ላይ ቃሌ ይከብዳል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ሰውየው በርትቶ ሲጸልይ ታዩታላችሁ፤ ከዓመት በኋላ ሲወድቅ ግን አጠገቡ የላችሁም።

ቀጠሮ ያለፈውን ሰው ስልክ ደውለው፣ ቤቱ ድረስ ሄደው የሚፈልጉ ሠራተኞች ነበሩን፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ፣ በኤች አይ ቪ ሥራም የተሰማሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። እነሱ ያንኳኩት የነበረውን በር አሁን ማን ያንኳኳ? ጎረቤት ነው የቀረው። ጎረቤት ደግሞ ካንኳኳ ለወሬ ነው።

እባካችሁ፣ ሰው ሲውጥ ካያችሁ ዓይናችሁን መልሱ። ውኃ ከፈለገ ውኃ ስጡት፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁት። አሠሪ የሆናችሁ፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን የሐኪም ቀጠሮ ስትጠየቁ ምክንያቱን አትቆፍሩ። እናት አባት የሆናችሁ፣ ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ልጃችሁን እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ «ቫይታሚን ነው» እያላችሁ አታሳድጉት፤ ውሸቱን ያወቀ ቀን ክኒኑንም እናንተንም ይጥላል።

ጎረቤቴ ዘንድ በጥር የወንድሟ ልጅ ሰርግ አለ። አምስት እንግዶች ይመጣሉ። እኔ ቤት ያድራሉ ብያታለሁ፤ ሁለቱ አልጋ ላይ፣ ሦስቱ ምንጣፍ ላይ።