ለማድ ቤት የጠበበ፣ ለፎቅ የሰፋ ወንዝ ዳር

ደሴ ውስጥ ከምኖርበት ግቢ ጀርባ፣ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የቦርከናን ወንዝ በሚቀላቀል ጅረት አጠገብ፣ አንዲት ማድ ቤት ለመሥራት የዛሬ ሁለት ዓመት ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ባለሙያው ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ አረንጓዴ የተቀባውን ቦታ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ፣ «ጋሼ፣ ይህ የወንዝ ዳርቻ ነው፤ አጥር እንኳ አይፈቀድም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አልተከፋሁም። ከተራራ ሥር ለሚኖር የደሴ ሰው የሐምሌ ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግረው አይገባም፤ ውሃ መሄጃውን ካላገኘ የሰው ቤት መሄጃው ያደርጋል።

ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከጅረቱ ማዶ፣ እዚያው አረንጓዴ ቀለም ላይ፣ ሲኖትራክ ሌሊት ሌሊት ገረጋንቲ እየገለበጠ ሸለቆውን ሞላው፤ በወራት ውስጥም የድንጋይ ግንብ ቆመ፣ በግንቡም ላይ ባለ አራት ወለል ሕንፃ ተጀመረ። አቤት ስል «ፕላኑ ተሻሽሏል» ተባልሁ። መቼ ተሻሻለ? የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነዋሪው በፕላን ላይ እንዲወያይ ይላል፤ እኛን ግን የጠራን የለም፣ ለእድር ስብሰባ እንኳ ጡሩምባ ይነፋልን ነበር። ግንባታ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና የሚለው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣም ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ ግምገማው ስጠይቅ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተላክሁ፤ የሁለተኛው ቢሮ መልስ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነበር።

ሕንፃ አይሠራ የሚል ሰው አይደለሁም፤ ልጆቼ ራሳቸው ተከራይ ናቸው፣ የቤት እጥረቱን በኪራይ ዋጋ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ያ ግንብ ስምንት እርምጃ ይሰፋ የነበረውን የውሃ መውረጃ ሦስት እርምጃ አድርጎታል። የተራራው ተዳፋት ለመንገድና ለመሠረት ሲቆረጥ የቀረው አፈር በመጀመሪያው ዶፍ ይናዳል፣ የተናደውም የጠበበውን ቦይ ይደፍናል፤ የተረፈው ደለል ደግሞ በቦርከና ታጥቦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ለእኔ ይህን ያስረዳኝ ያው «አጥር እንኳ አይፈቀድም» ያለኝ ባለሙያ ነው፤ ማዶ ላለው ባለሀብት ማን እንዳስረዳው እንጃ።

ባለፈው ሳምንት ጎርፉ ግንቡን ገጭቶ ወደ እኛ ዞረ። ሕግ አክብሬ ባዶ በተውኩት ቦታ ላይ አሁን እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ ተኝቷል። ጭቃውን ለማውጣት ጋሪ ማስገባትም ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።