ሁሉም «ተንቀጠቀጠ» ነው እንዴ?

ዛሬ ብሶቴን የማሰማው በእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች፣ በስልክ የትርጉም መተግበሪያዎች እና ከሁለቱ እየገለበጡ የእንግሊዝኛ መማሪያ በሚያሳትሙ ሰዎች ላይ ነው። ጉዳዩ ለሌላው ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በትርጉምና በእርማት ሥራ ለምንተዳደር ግን የዕለት ተዕለት ራስ ምታት ነው። ሼክ (shake) የሚለውን ቃል ብትፈልጉ «ተንቀጠቀጠ» ይላችኋል። ትሬምብልም «ተንቀጠቀጠ» ነው። ሺቨር ላይ ስትደርሱ፣ አዘጋጁ ትጉህ ከሆነ «በብርድ» የምትል ቃል ጣል ያደርግላችኋል። ሸደር፣ ኩዊቨር፣ ኩዌክ፣ ሁሉም ተሰልፈው አንዲቷን «ተንቀጠቀጠ» ይጠብቃሉ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን እነዚህን ቃላት እንዲህ አይደባልቅም። ሼክ ሰፊው ቃል ነው፤ ለሰውም፣ ለዛፍም፣ ለቤትም ይሆናል። ትሬምብል በአብዛኛው ለሰውነት ነው፤ ፍርሃት፣ ቁጣ ወይም ድካም ያመጣውን፣ ሰውየው ሊገታው እየፈለገ የማይገታውን መንቀጥቀጥ ይገልጻል። ለዚህም ነው የፊልጵስዩስ መልእክት «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ» ያለው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ትሬምብሊንግ የሆነው፤ በቦታው ሺቨሪንግ ቢገባ ሐዋርያው ብርድ ልብስ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች የሚመክር ይመስል ነበር። ኩዌክ ከሁሉም ይከብዳል፤ ዛሬ በብዛት ከምድር ጋር ቢያያዝም ለሰው የማይሆን ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1650 በእንግሊዝ ዳርቢ ከተማ ዳኛ ፊት ቀርቦ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ተንቀጥቀጡ ቢላቸው፣ ዳኛው እርሱንና ተከታዮቹን ለማሽሟጠጥ ኩዌከርስ (ተንቀጥቃጮች) አሏቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን አማርኛ ድሃ እንደሆነ ተደርጎ መቅረቡ ነው። ሸደር ማለት ከድንጋጤ ወይም ከመጸየፍ የተነሳ በሰውነት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሽው ብሎ የሚያልፍ ኃይለኛ ንዝረት ነው፤ እኛ ደግሞ «ሳስበው ይሰቀጥጠኛል»፣ «ይዘገንነኛል» እንላለን፤ ከዚህ የተሻለ አቻ ከየት ይመጣል? ኩዊቨር ልጅ ሊያለቅስ ሲል በከንፈሩ ላይ የሚታየው ቀላልና ፈጣን እንቅስቃሴ ነው፤ «ከንፈሩ ርግብ ርግብ አለ» ማለት እየተቻለ፣ መተግበሪያው ልጁን የወባ በሽተኛ ያስመስለዋል። ለጉልበት ተብረከረከ አለን፤ በኮረኮንች ላይ ለሚሄድ መኪና ተንገጫገጨ አለን፤ ኃይለኛ ብርድ ለያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ አለን። እናት ለታመመ ልጇ ስትንሰፈሰፍ ግን፣ ከላይ ከዘረዘርኳቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱም አይበቃም።

ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ተራው ሰው እንደሚሻል ያየሁት በ2017 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ተደጋግማ ስትናወጥ፣ ታኅሣሥ 26 ደግሞ መጠኑ ከ5 ነጥብ 5 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ሲመዘገብ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ማንም ሳያስተምረው ለየው፤ እዚያ የደረሰውን «መንቀጥቀጥ»፣ እርሱ ፎቅ ላይ ሆኖ የተሰማውን ደግሞ «ንዝረት» አለው። እንግሊዝኛውም ለዋናው ኩዌክ፣ ለቀላሉ ትሬመር እያለ ይለያል፤ ረጅም ሕንፃ ወዲያና ወዲህ ሲል ስዌይ፣ የመስኮት መስታወት ሲንቀጫቀጭ ራትል ይላል። የእንግሊዝኛውን ዜና በመተግበሪያ የተረጎሙ ገጾች ግን ሕንፃውንም፣ መስኮቱንም፣ ሰዉንም አንድ ላይ ሲያንቀጠቅጡ ሰነበቱ።

ሰዋስው ላይ ስንደርስ ጉዳቱ ይብሳል። ሼክ ተሻጋሪ ግስ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ጠርሙስ ይነቀንቃል፣ እጅ ይጨብጣል። ትሬምብል፣ ሺቨርና ሸደር ግን በዛሬው እንግሊዝኛ ተሳቢ አይቀበሉም። በአማርኛ «ብርዱ አንቀጠቀጠኝ» የሚለው ተማሪ፣ መጽሐፉ ይህን ስላልነገረው «ዘ ኮልድ ሺቨርድ ሚ» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም በቀይ ቀለም ይሰርዝበታል፤ ለምን እንደተሰረዘበት የሚያስረዳው ግን የለም። ራስን መነቅነቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በእንግሊዝኛ ሼክ ከራስ ጋር ሲመጣ እምቢታ ነው፤ ለእሺታ ኖድ የሚባል ሌላ ቃል አለ። በአማርኛ «ራሱን ነቀነቀ» ብሎ ማቆም ለሁለቱም ስለሚያገለግል፣ «በአሉታ» ወይም «በአዎንታ» የሚል ካልተጨመረበት የምስክር ቃል ሊገለበጥ ይችላል። ይህን ማስጠንቀቂያ የያዘ መማሪያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሐኪም ቤት ውስጥማ ነገሩ ከሰዋስው ያልፋል። በውጭ አገር የሚኖሩ አንዲት እናት በአስተርጓሚ ወይም በስልክ «እንቀጠቀጣለሁ» ሲሉ፣ ሐኪሙ ዘንድ የሚደርሰው ሺቨር ነው ወይስ ትሬመር? የመጀመሪያው ጡንቻዎች ሙቀት ለማመንጨት በፍጥነት ሲኮማተሩ የሚመጣ ነው፤ ከትኩሳት ጋር ከሆነ ሐኪሙ ኢንፌክሽን ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን ወደ ነርቭ ሐኪም ሊያስልክ ይችላል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ «ሼኪንግ ፓልሲ» (የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት) በጻፈው ጽሑፍ ያስተዋወቀው፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሕመም በአብዛኛው እጅ አርፎ ሳለ የሚታይ ትሬመር አለው፤ ሲኒ ለማንሳት ሲሞከር የሚብሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። እናታችን «ብርድ ብርድ ይለኛል» እና «እጄ ይንቀጠቀጣል» ብለው አሳምረው ይለያሉ፤ የሚደባልቀው መሣሪያው ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን እትም የምታዘጋጁ ሰዎች፣ በእያንዳንዱ ቃል ሥር የሚንቀጠቀጠው ምን እንደሆነ፣ ከምን የተነሳ እንደሆነና ግሱ ተሳቢ ይቀበል እንደሆነ ከአንድ ምሳሌ ጋር ብታስቀምጡልን፣ የሚጨምረው ጥቂት ገጽ ነው። ወጪው ከከበዳችሁ የሽፋኑን የወርቅ ቀለም ተውት።