ጠመንጃው ሄዷል፣ ጥይቱ ግን አልጋ ሥር ነው

የአባቴን ሙት ዓመት ካወጣን በኋላ ቤቱን ማጽዳት ጀመርን። የድሮ ቤት ስታጸዳ የማይወጣ ነገር የለም። የ1960ዎቹ የመብራት ደረሰኝ ወጣ። አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ ወጣ። ማን እንደሆኑ ማናችንም የማናውቃቸው ሰዎች ፎቶ ወጣ። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ጎተተ። ከበደው። ሲከፍተው ጥይት ነው።

ቆጠርናቸው፤ 43 ናቸው። የክላሽ ጥይት አይደሉም። አውራ ጣት የሚያክሉ፣ የቆቅና የጅግራ ማደኛ ጥይቶች ናቸው፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ፍሬ የሚበትነው የባለ ሁለት አፈሙዙ ጠመንጃ። መቀመጫቸው ናስ ሆኖ 12 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፣ ከላይ ያለው ግን ካርቶን ነው። ናሱ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ አለ። አፉ ተከፍቶ የእርሳስ ፍሬዎቹ ቆርቆሮው ውስጥ የፈሰሱም አለ። ከጎናቸው ደግሞ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ተቀምጧል። አንስቼ ነቀነቅኩት፣ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል፣ ሻ ሻ አለ። ባሩድ።

አባቴ በወጣትነቱ ወደ አዋሽ በረሃ ለአደን ይወርድ ነበር። የተተኮሰ ቀለሃ እየለቀመ ራሱ ይሞላ ነበር አሉ። በመጋቢት 1969 ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስስ ጠመንጃው ሄደ። ጥይቱ ቀረ። ረስቶት ይሁን ደብቆት እሱና እግዜር ይወቁ። እናቴ "እኔ ብስኩት መስሎኝ" አለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ብስኩት። ማናችንም አላመናትም።

ይሄን የምጽፈው የኛ ቤት ልዩ ሆኖ አይደለም። ነገሩን ለጓደኞቼ ሳወራ ሁለቱ ወዲያው "እኛም ጋ አለኮ" አሉኝ። አንደኛው ቤት ቁም ሣጥን ላይ፣ ሌላኛው ቤት ከብት በረት ውስጥ። አደገኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የት እንደሚወስደው ግን የሚያውቅ የለም፤ ወይም ያውቃል፣ ግን ይፈራል። የኔ ጽሑፍ ጠቅላላ ጉዳዩ ይሄው ነው።

"ምን እናድርገው?" ስንል ቤቱ ፓርላማ ሆነ።

አጎቴ እሳት ውስጥ ይጣል አለ። ጓሮ የሚቃጠል ቆሻሻ አለ፣ እዚያው ይለቅ። እውነት ለመናገር እሳት ውስጥ የገባ ጥይት ከጠመንጃ እንደወጣ ጥይት አይበርም። ከኋላ የሚይዘውና አቅጣጫ የሚሰጠው አፈሙዝ የለውም፤ ቀለሃው ይፈነዳና የእርሳስ ፍሬው እዚያው አካባቢ ይወድቃል። ይሄን ሰምቶ ነው መሰለኝ አጎቴ የደፈረው። የሚበረው ግን ሌላ ነው። የናሱ ስብርባሪ ይበራል። መሀሉ ላይ ያለችው ክብ ነገር፣ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ብልጭ ብላ ባሩዱን የምትለኩሰው፣ እሷ ተፈናጥራ ትወጣለች። ዓይን ለማጥፋት እሷ ትበቃለች። ይሄ እንግዲህ ስለ ጥይቱ ነው። ጣሳውማ ሌላ ታሪክ ነው። ባሩድ ክፍት ሜዳ ላይ ሲሆን ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ክዳኑ የተዘጋ ጣሳ ውስጥ ሲሆን ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ያኔ በገዛ እጅህ ቦምብ እሳት ውስጥ ከተትክ ማለት ነው።

አክስቴ ሽንት ቤት ይጣል አለች። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይሄንኑ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከዓይን ይጠፋል። ግን አስቡት። አንዷ ጥይት 30 ግራም ገደማ እርሳስ ትይዛለች። 43 ሲሆን ከ1 ኪሎ በላይ ነው። እርሳስ አይበሰብስም። የሕፃን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፣ አፈርና ውሃ ውስጥ ሲገባ የማንን ጉድጓድ ውሃ እንደሚያገኝ አታውቅም። አሜሪካኖች ዳክዬ ሲያድኑ በእርሳስ ፍሬ መተኮስን በ1991 (በእነሱ አቆጣጠር) በመላ አገራቸው የከለከሉት ወፎቹ ሐይቅ ዳር የወደቀውን ፍሬ እንደ ጠጠር እየዋጡ ስላለቁባቸው ነው። ደግሞስ ያ ሽንት ቤት አንድ ቀን ይመጠጣል። ወይም ይደፈንና አንድ ሰው ለቤት መሠረት ሲቆፍር ዶማውን ያሳርፍበታል።

ወንድሜ ለቁራሌው እንስጠው አለ፣ ናሱ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ተቆጣሁ። ቁራሌው ናሱን ከካርቶኑ በምን የሚለየው ይመስላችኋል? በመዶሻ ነው፤ ቤቱ ወስዶ፣ ልጆቹ አጠገቡ ተቀምጠው። ያቺ ክብ ነገር ደግሞ የተፈጠረችው ስትመታ እንድትቀጣጠል ነው።

ሌላው ዘመድ ናፍታ ውስጥ ዘፍዝፉት አለ፣ ሌላው ውሃ አለ። ይሄኛው ብልጥ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሸወድበታል። እኔም ግማሽ መንገድ ሄጄበት ነበር። ባሩድ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁሩ ባሩድ የጥንቱ ነው፤ ከሰል፣ ድኝና ፖታሲየም ናይትሬት። ፖታሲየም ናይትሬቱ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ጥቁሩ ባሩድ በውሃ ይበላሻል። ሁለተኛው፣ ጭስ አልባው የሚባለው፣ ግን የተሠራው ከሌላ ነገር ነው፣ ውሃ አያሟሟውም፤ አውጥተህ ስታደርቀው እንደ ገና ይነዳል። ናፍታውም ቢሆን በደንብ የታሸገ ጥይት ውስጥ መግባቱን ማን አየ? ሞቷል ብለህ የጣልከውን ጥይት የሰፈር ልጅ ያነሳዋል፣ እሱ ደግሞ በድንጋይ ይሞክረዋል።

ገጠር ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ "ላኩልኝ፣ ተኩሼ እጨርሰዋለሁ" ብሎ ደወለ። ከሁሉም የሚያስቀው ይሄ ነበር፣ ባያስፈራ። እርጥበት የገባው ባሩድ ሙሉ ኃይሉ የለውም። ድምፁ ፍስስ ይላል፣ በባሩዱና በእርሳሱ መሀል ያለው ውታፍ ተገፍቶ ሳይወጣ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ተኳሹ "ከሸፈ" ብሎ ቀጣዩን ይጎርስና ቃታ ይስባል። መንገዱ ተዘግቷል፤ አፈሙዙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይሰነጠቃል፣ ግራ እጁ ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ደግሞ ከሸፈ የተባለ ጥይት ሁሉ አልከሸፈም። አንዳንዱ ዘግይቶ ይተኩሳል። የሚያውቁ አዳኞች ጥይት ሲከሽፍባቸው አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ነው የሚከፍቱት።

ስለ ጣሳው ትንሽ ልጨምር። ውጭ አገር ጥይት ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎች የተረፋቸውን ጭስ አልባ ባሩድ በጥቂት በጥቂቱ ክፍት ሜዳ ላይ ዘርግተው ሲያቃጥሉ ቪዲዮ ታያላችሁ። እነሱ ምን እንደያዙ ያውቃሉ፤ የፋብሪካው ጣሳ ላይ ተጽፏል። የኛ ጣሳ ላይ የተጻፈው "ዱቄት ወተት" ነው። ውስጡ ያለው ጥቁሩ ይሁን ጭስ አልባው፣ ወይስ የሁለቱ ቅልቅል፣ መልስ የሚሰጠን ብቸኛ ሰው ሞቷል። ጥቁሩ ባሩድ በትንሽ ብልጭታ፣ ክዳን በመፈልቀቅ ፍትጊያም ጭምር ሊነሳ ይችላል። ጭስ አልባው ደግሞ ሲያረጅ በውስጡ ያለው ማረጋጊያ ያልቅና ራሱን መብላት ይጀምራል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሲድ ሽታ ያመጣል፣ ዝገት የመሰለ ቡናማ አቧራ ይታይበታል። ሙቀት ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ ይብስበታል። በዚህ ደረጃ ያለ ብዙ ባሩድ ማንም ሳይነካው ሊነሳ ይችላል።

ክርክሩን የዘጋችው እናቴ ናት። "የ83ቱን ረሳችሁት?" አለች። ግንቦት 1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ከተማው እንዴት እንደተንቀጠቀጠ እሷ ታስታውሳለች። የ77ን ድርቅ ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚን እጁን ያጣው፣ የድምፅ ባለሙያው ጓደኛውም የሞተው ያኔ ነው። መጋዘንና የብስኩት ቆርቆሮ አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ግን እሷ ያንን ከጠራች በኋላ እሳት የሚል ሰው ጠፋ።

ስለዚህ ፖሊስ። አንድ ጣቢያ ደወልን። "ይዛችሁ ኑ" አሉን። ወንድሜ ወዲያው ፌስታል ፈለገ። ጥይትና ባሩድ በፌስታል ይዞ ታክሲ ሊሳፈር! ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሰው ሲጋራ ቢለኩስስ? መንገድ ላይ ፍተሻ ቢያጋጥመንስ፣ ማን ነው "ልናስረክብ ነው" የሚለንን የሚያምነው? ጥይቱን እዚያው ትተን፣ በሩን ቆልፈን፣ ስልኬ ላይ ፎቶ ይዤ ባዶ እጄን ሄድኩ። ከሠራሁት ነገር ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

መርማሪው ፎቶውን አየና "ጠመንጃውስ?" አለኝ።

"ደርግ ወስዶታል።"

"ማስረጃ አለህ?"

ከደርግ ደረሰኝ! ቃል ስጥ ተባልኩ። አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። በማግስቱ ተመለስ ተባልኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ሻይም ጋብዞኛል። ችግሩ ለኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ቅጽ የለውም፤ ያለው የተጠርጣሪ ቅጽ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ሽንት ቤት የሚጥሉት ሰዎች ሞኝ እንዳልሆኑ ገባኝ። ሒሳብ ሠርተው ነው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አለን። መኖሩ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል፣ ያስጠይቅ። ነገር ግን የሞተ አባቱ አልጋ ሥር የበሰበሰ ጥይት ያገኘ ሰው በዚያች ደቂቃ ጥፋተኛ የሆነ ከመሰለው የሚመርጠው ዝምታን ነው። አውስትራሊያኖች ከሐምሌ 2021 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ጊዜ የማይገደበው ምሕረት አውጀዋል። ያልተመዘገበ ጠመንጃም ሆነ ጥይት ፖሊስ ጣቢያ ወይም ፈቃድ ያለው ነጋዴ ጋ ትወስዳለህ፣ ታስረክባለህ፣ በመያዝህ አትከሰስም፣ ስምህንም አትጠየቅም። እኛ ሁሉንም እናድርግ አላልኩም። ለጠመንጃው ጥያቄ ይኑር፣ ቁጥሩ ይጣራ። ለአሮጌ የአደን ጥይትና ለባሩድ ግን አንድ ስልክ ቁጥር፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያነሳ ባለሙያ፣ የጣቢያው ግድግዳ ላይ ደግሞ "ከየት አመጣኸው አንልም" የሚል ወረቀት ይበቃል። ወንጀለኛ ይጠቀምበታል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ወንጀለኛ ጥይቱን ለፖሊስ ሊሰጥ ከመጣ ምን ጎደለን?

እስከዚያው የገጠማችሁ ሰዎች አትነቅንቁት (እኔን አትምሰሉ)፣ አትክፈቱት፣ ጥይቱን ፈልቅቃችሁ ባሩዱን ለማውጣት አትሞክሩ። ልጅ ከማይደርስበት፣ ከእሳትና ከሙቀት የራቀ፣ ደረቅ ቦታ ይሁን። ጣሳው ሸቶ ወይ ቡናማ ሆኖ ካያችሁት ግን ማዘዋወሩም ይቅር፣ ውጡና ደውሉ። ውጭ አገር ያላችሁም፣ የገዛችሁት ቤት ምድር ቤት ውስጥ የድሮ ባለቤት የተወው ሣጥን ሊገጥማችሁ ይችላል። አሜሪካ ከሆናችሁ ለፖሊስ ወይም ለሸሪፍ አስቸኳይ ባልሆነው መስመር ደውሉ፣ እንግሊዝ ከሆናችሁ 101። ቆሻሻ መኪናው ቆሻሻውን የሚጨፈልቅ ማሽን አለው፣ እዚያ ውስጥ አትጣሉት። "የአባቴ ማስታወሻ" ብላችሁ አንዷን ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ አየር ማረፊያ እንዳትሄዱ ደግሞ፣ በናታችሁ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች በፒክአፕ መጡ። አንደኛው ባለሙያ ነው፣ ጓንት አጠለቀ። 43ቱን ጥይት አንድ በአንድ እያነሳ ይዞት በመጣው ሣጥን ደረደራቸው። የወተት ጣሳውን ክዳኑን ሳይነካ እንዳለ ወሰደው፤ ወንድሜ "አይከፍቱትም እንዴ?" ሲለው "አንተ ትከፍተው ነበር?" አለው። አስፈረመኝና ሄዱ።

የብስኩት ቆርቆሮው ባዶውን ቀረ። ማታ ወጥ ቤት ስገባ እናቴ በኦሞ አጥባ አድርቃዋለች። በርበሬ ልታስቀምጥበት ነው። ሃምሳ ዓመት እርሳስ ሲራገፍበት የኖረ ቆርቆሮ ነው፣ አቧራው በኦሞ ሙሉ በሙሉ መልቀቁን በምን እናውቃለን አልኳት። "የአባታችሁ ዕቃ ነው" አለች። ተጨቃጨቅን። ከሁሉም ያስቸገረኝ እሱ ነበር፤ ሌሊት ተነስቼ ከበርበሬው ነጥዬ መኪናዬ ውስጥ ደበቅኩት። እስካሁን እዚያው ነው፣ እሱንም የሚረከበኝ አላገኘሁም።