ጋሼ፣ አንተ ግን የት ነው የምትኖረው?

ትናንት ከእንጦጦ ስንወርድ ያክስቴ ልጅ ስልኩ ላይ አንዲት ሳጥን ነካ አድርጎ ቲክ አረገና "ጋሼ ይቺ አልቃለች፣ ቀጥሎ ቁጥር 5" አለኝ። አልቃለች! እንጦጦ! ከመኪና ወርደን ተመልሰን እስክንገባ 11 ደቂቃ አልሞላም፣ እኔ እኮ ገና ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር። ልጁ ከባህር ዳር ሲመጣ ሹራብ ረስቶ ያልረሳው ነገር ቢኖር "አዲስ አበባ ሲሄዱ ማድረግ ያለብዎት 15 ነገሮች" የሚል ከኢንተርኔት ያወረደው ዝርዝር ነው። ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ግን አራት ኪሎን፣ ፒያሳንና መርካቶን በአንድ ከሰዓት "በእግርዎ ዘና እያሉ" ይጎብኙ የሚል ሰው እግር ያለው አይመስለኝም።

ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ? ድሮ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እግሩን ይታጠባል፣ ቡና ይፈላል፣ የሞተና የተወለደው አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ከዛ በሶስተኛው ቀን እናቴ "እስቲ ከተማውን አሳየው" ትለኝና በአውቶቡስ መርካቶ ይዤው እሄዳለሁ፣ መንገዱን ሙሉ "ኪስህን ጠብቅ" እያልኩት እኔ ኪሴን እበላና ተመልሰን እንመጣለን። በቃ። እንግዳውም አገሩ ገብቶ አዲስ አበባን አየሁ ይላል፣ እውነቱን ነው፣ አይቷል።

እና እንጦጦ ላይ ምን ልነግረው ነበር መሰላችሁ፣ ይሄ ከተማ ራሱ የተቆረቆረው ሽርሽር በወጣ ሰው ነው። ምኒልክ ከተማቸውን እላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሰርተዋል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ሊታጠቡ ቁልቁል ወረዱ፣ ታጠቡ፣ ተስማማቸው፣ እዚህ ቤት ይሰራልኝ አሉ፣ ንጉሡ ሐረር ዘምተው ሳለ ቤቱ ተጀመረ፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት፣ 1879 ዓ.ም.። ልብ በሉልኝ፣ ለመታጠብ ብቅ ብሎ በዛው የቀረ እንግዳ ነው ይቺን ከተማ የመሰረታት። ያክስቴ ልጅ "ሶስት ቀን ብቻ ነን ጋሼ" ሲለኝ ያላመንኩት ለዚህ ነው። ይሄን ሁሉ ማርያም በር ላይ፣ ምኒልክ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበት ደብር ፊት ቆሜ ልተርክለት ስጀምር "ጋሼ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በል፣ ፎቶ ውስጥ ገባህ" አለኝ።

ወዳጅነት ፓርክም እንዲሁ። ሰው ሰራሹን ሀይቅና ፏፏቴውን ሳሳየው ትንሽ አየት አደረገና "ይሄ ነው?" አለ። ጣና ዳር ላደገ ልጅ ምን ትለዋለህ። ጭራሽ "አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል" ብሎ ተረተብኝ። ይሄን ተረት እኮ በጣም እወደዋለሁ፣ መስሪያ ቤትም ሰርግ ላይም የማወጣው እኔ ነኝ፣ የራሴን እቃ መልሶ ሲወረውርብኝ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩበት። ለመሆኑ አባይ ከየት ነው የሚነሳው? ሰከላ፣ ግሽ አባይ፣ ከምንጭ! ታዲያ ያ ምንጭ ያመሰገነ ምስኪን ሰውዬ ምን አጠፋ? ምናልባት ከሁላችንም በላይ አባይን ያየ እሱ ቢሆንስ? ይሄን ስለው "ጋሼ ታክሲው እየጠበቀን ነው፣ ይቆጥራል" አለኝ። የሚቆጥረው በኔ ነው፣ እሱ ምን ቸገረው።

ቁጥር 6 ድንቅነሽ ናት። እዚህ ላይ እኔም የድሮ ቂም አለኝ። ያደግኩት ከብሔራዊ ሙዚየም በእግር ሩብ ሰአት በማይሞላ ሰፈር ነው፣ ገብቼ ግን አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለን ክፍሉ በሙሉ ሊጎበኝ ሲሄድ እኔ ወላጅ የሚፈርምባትን ወረቀት ቤት ረሳኋት፣ አስተማሪያችን (ስማቸውን አልጠራም፣ ፊታቸው ግን እስካሁን ይታየኛል) "አንተ ቅር" ብለው ከዘበኛው ጋር አስቀምጠውኝ ሄዱ። ዘበኛው ግማሽ ዳቦውን ሰጠኝ፣ ነፍሱን ይማረው። ጓደኞቼ ከሰአት ሲመለሱ "ባክህ አጥንት ናት፣ ምንም የላትም" አሉኝ። ያቺ ምንም የሌላት አጥንት 30 አመት ሙሉ ስታቃጥለኝ ኖረች፣ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ፣ ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄኔ ነው።

እና ዘንድሮ በዚህ ልጅ ምክንያት ገባሁ። የ3.2 ሚሊዮን አመት እመቤት፣ በ1967 ሐዳር ላይ የተገኘች፣ መስታወት ውስጥ ተዘርግታ። ቆሜ ሆዴ እየባባ እያለ አስጎብኚው ይቺ ቅጂ ናት፣ ዋናዋ ካዝና ውስጥ ነው የምትቀመጠው አይለን መሰላችሁ! ልጁ አዳራሹ እስኪሰማ "ፎርጅድ ናት?" አለ። አፈርኩ። ግን እውነት ለመናገር ከሱ በላይ የበገንኩት እኔ ነኝ። ዋናዋ ከ1999 እስከ 2005 አሜሪካ ሰንብታ መጥታለች፣ በ2017 መገባደጃ ደግሞ ሰላም የምትባለዋን የህጻን አጥንት አስከትላ ፕራግ ሄደች፣ እኛ ኤምባሲ በር ላይ የባንክ ስቴትመንት ይዘን "መመለስህን በምን እናምናለን" እየተባልን። እሷስ መመለሷን በምን አመኑ? መቼም ቤተሰብ አላት ብለው ነው።

ነገሩ ጭራሽ የተበላሸው ፒያሳ ላይ ነው። ዝርዝሩ "እዚህ ጋ ኬክ ይብሉ" ይላል። ኬክ ቤቱ የለም። ኬክ ቤቱ የነበረበት ህንጻም የለም። እሺ ህንጻው የነበረበት መንገድ ስል እሱም እኔ የማውቀው አይደለም፣ በ2016 ፈርሶ ሰፍቶ፣ አስፋልት ሆኖ፣ መብራትና አበባ ተተክሎበት፣ አዲሱን የአድዋ መታሰቢያ ይዤ ወደ ታች እወርዳለሁ ስል ሁለቴ ዞሬ እዛው ራሱ ጋ ወጣሁ። ወርቅ ቤቶቹ ወዴት ነበሩ? እኔ ለሰርጌ ቀለበት የገዛሁበት በየት በኩል ነበር? ልጁ ስልኩን አውጥቶ በማፕ እየመራኝ፣ ካንጀቱ አዝኖልኝ "ጋሼ፣ አንተ ግን የት ነው የምትኖረው?" አለኝ። አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው! ከስራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ስራ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የምኖረው! ማን ፒያሳ ይወርዳል ኬክ ሊበላ፣ በዚህ ብር?

ከዝርዝሩ ውጪ የሆነች አንዲት ነገር ላሳየው ፈልጌ ስድስት ኪሎ ግቢ አስገባሁት። ገነተ ልዑል ቤተመንግስት የነበረው አሁን ሙዚየም የሆነው ፊት ለፊት ጣልያን የሰራው ወዴትም የማያደርስ ደረጃ አለ፣ ፋሺስት ሮም ላይ ስልጣን ለያዘበት ለእያንዳንዱ አመት አንድ አንድ እርከን። ጫፉ ላይ ታዲያ የኛዎቹ ምን አስቀመጡበት፣ አንበሳ! ቁጭ ብሏል እላዩ ላይ። እኔ ይሄን ሳይ ዛሬም ሳቄ ይመጣል፣ ሙሶሎኒ ሲሚንቶ አቡክቶ ለአንበሳ መቀመጫ ሰርቶ ሄደ። ልጁ ግን ቁጥር ስለሌለው ቲክ የሚያደርግበት ቦታ አጣ፣ "ደረጃ ነው እኮ ጋሼ" ብሎኝ ወጣ።

ለነገሩ አመጣጣቸው ለዚህ አልነበረም። እናቱ፣ እትዬ፣ የመጡት ለአይናቸው ነው። እሳቸው ዝርዝር የላቸውም፣ ካርድ ነው ያላቸው። ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰአት ተነስተን ሄድን፣ ተሰለፍን፣ አራት ሰአት ላይ "ሲስተም የለም" ተባለ። ማክሰኞ ሲስተሙ መጣ፣ ሀኪሙ የለም። ረቡዕ ሀኪሙ መጣ፣ መታወቂያው ኮፒ ይደረግ ተባለ፣ ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም። ዙሪያዬን ሳይ ሰልፉ ሙሉ ክፍለ ሀገር ነው፣ ጋቢ የለበሰ፣ በፌስታል ኤክስሬይ የያዘ፣ ዘመድ ቤት ወለል ላይ የሚያድር፣ ያልጋ ሂሳብ እያሰላ የሚተክዝ። ግማሹ ለህክምና፣ ግማሹ ከዚህ ወጥቶ ለፓስፖርት ወይ ለይግባኝ የሚሄድ። ለዚህ ሰው አዲስ አበባ ማለት እንጦጦም ኬክም አይደለችም፣ ቀጠሮ ናት። የትኛው ባለ 15 ነገር ነው ሌሊት ተነስተው ወረፋ ይያዙ፣ ኮፒውን በሶስት ያብዙ፣ መስኮት 4 ሲልዎት መስኮት 7 ይሂዱ፣ መስኮት 7 ያለችው ልጅ ምሳ ወጥታለች ብሎ የጻፈው? እሱን ጽፎ ቢሆን ኖሮ እኔም ቲክ እያደረግኩ እደሰት ነበር፣ ሰባቱን በሶስት ቀን ጨርሻለሁ። እትዬ ግን አንድ ቀን አላማረሩም፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ካጠገባቸው ካሉ የደሴ ሴትዮ ጋር ዘመድ ሲቆጥሩ ይውላሉ።

ዛሬ በመጨረሻ ታዩ። መነጽር ታዘዘላቸው፣ ለዋናው ምርመራ ደግሞ ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ተባለ። እኔ "ታዲያ አገር ገብታችሁ ትመለሳላችሁ?" ልል አፌን ስከፍት ልጁ "እንኳን! ገና 7 ቀርቶናል፣ መርካቶን አላየንም" አለ። ስለ ዝርዝሩ መጥፎነት ብዙ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት፣ ግን ውሃ የሚመጣው ዛሬ ማታ ስለሆነ በርሜሉን መሙላት አለብኝ። እትዬ እዛ ጋ በሳፋ ያሞቅኩላቸው ውሃ ውስጥ እግራቸውን ዘፍቀው ተቀምጠዋል። አይናቸውን ጨፍነው "እንዴው ልጄ፣ ይሄ ቤት ተስማምቶኛል" እያሉ ነው።