ጎን ለጎንስ?

ሀዋሳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰላምታ ሰሞኑን ተቀይሯል። “ትምህርት እንዴት ነው?” ቀርቶ “ጎን ለጎንስ ምን እየወሰድክ ነው?” ሆኗል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ተቀምጦ ዓሣ የሚጠብቅ ቤተዘመድ ልጁ አካውንቲንግ ደረሰው ሲባል፣ እንኳን ደስ ያለህ ከማለቱ በፊት ይህቺን ጥያቄ ይወረውራል። ልጁ “አካውንቲንግ ብቻ” ካለ ለቅሶ ቤት የተገባ ይመስላል። አክስት “አይዞህ የኔ ልጅ” ትላለች።

ከዚያ ዕቅድ ይወጣል። አቃጁ አብዛኛውን ጊዜ ዳላስ ያለው አጎት ነው፤ ስልኩ ድምፁ ተለቆ ከሎሚውና ከዳጣው መሃል ይቀመጣል። “እቱ፣ ደብል ሜጀር ይያዝ፣ ሁለት ዋና ትምህርት። ካልሆነ ኢኮኖሚክስን ማይነር፣ ማለት ንዑስ ትምህርት፣ ያድርግና ዳታ ሳይንስ ሰርተፊኬት ይጨምርበት።” አጎት አልዋሸም። እሱ አገር ባችለር ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። ሜጀሩ ከዚያ ውስጥ ከ30 እስከ 50 ይወስዳል፣ ለማይነር ከ15 እስከ 18 ይበቃል፤ የጋራ ኮርሶቹ ተነሥተውም ተማሪው በወደደው የሚሞላው ቦታ ይተርፋል። ነቃ ያለው አንዷን የስታትስቲክስ ኮርስ ለሜጀሩም ለማይነሩም ያስቆጥራታል። ግን ስንት ክሬዲት በሁለት በኩል እንደሚቆጠርለት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ያልጠየቀ ጋዋን ሊለካ ሲል ስድስት ክሬዲት እንደጎደለው ይነገረዋል።

እዚህስ? እዚህ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ሎጂኩን፣ ሳይኮሎጂውን፣ የኢትዮጵያንና የቀንዱን ጂኦግራፊ ወስዶ፣ ምርጫውን በተራ ሞልቶ፣ በውጤቱ ተወዳድሮ ይመደባል። ከዚያ ወዲያ የየሴሚስተሩ ኮርስ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ኢሌክቲቭ የሚባል ነገር አለ፤ ወረቀቱ ላይ ሦስት አማራጭ ይጻፋል፣ ለሁለቱ አስተማሪ አይገኝም፣ ሦስተኛውን ሁላችንም በነፃ ፈቃዳችን እንመርጣለን።

ማዋሃድ ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1992 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም የሀዋሳን የእርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነትን የደን ኮሌጅና የዲላን የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አዋህዶ ነበር። ዲላ ቆይቶ ራሱን ችሎ ወጣ። መንግሥት አዋህዶ ያላጸናውን አጎት ዓሣው እስኪጠበስ ያጸናዋል።

እናቶቻችን “ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት” ይላሉ። የምወደው ተረት ነው፤ ግን ሴትዮዋን ይኮንንና ነጋዴውን ዝም ይላል። አማረሽ ምን ታድርግ? ከቤቷ ወጥታ ባጃጅ እስክትይዝ ድረስ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ፣ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃው አይኤፍአርኤስ፣ ግራፊክስ፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ሁሉም “በ3 ወር ብቁ ባለሙያ” እያለ ባነር ላይ ተሰቅሎላታል። ባነሩ ላይ የምትስቀው ጥቁር ቆብ ያደረገች ፈረንጅ የት እንደተመረቀች የሚያውቅ የለም። ምዝገባ ለብቻ ይከፈላል፣ መታወቂያ ለብቻ፣ የሰርተፊኬቱ ወረቀትም ለብቻ። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። የድሃ ልጅ የወር ወጪ ተቀብሎ፣ ለስምንት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር አቅርቦ፣ ቀርቶ የከረመውንም በማኅተም የሚያስመርቅ ሰው አስተማሪ አይባልም። ከመክፈል በፊት የሚጠየቀው አጭር ነው፤ ፈቃዱ ለዚህ ሥልጠና ነው ወይስ ለሌላ? ሥልጠናው ደረጃ ያለው ሙያ ከሆነ መጨረሻው ላይ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ያስፈትናል? መልሱ “እሱን አታስብ” ከሆነ፣ ማሰብ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ወደ ሂሳቡ። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በኢሲቲኤስ፣ ማለትም በተማሪው የሥራ ጫና መለኪያ፣ 5 ነው፤ ይህም ክፍሉ፣ ንባቡና አሳይመንቱ ተደምሮ 135 ሰዓት ይፈልጋል። ስድስት ኮርስ 810 ሰዓት ይሆናል፣ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 50 ሰዓት ከምናምን። ቤተዘመዱ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ዲግሪ ሲጨምርበትና እዚያ ሦስት ኮርስ ሲይዝ ሳምንቱ 75 ሰዓት ይደርሳል። እናትየው የምትጨምረው የእንግሊዝኛ ኮርስ ገና አልተቆጠረም።

ይህ ሲወጠር መጀመሪያ የሚበጠሰው ዋናው ትምህርት ነው። ከስድስቱ ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች አምስቱን ቢ፣ አንዱን ኤፍ ያመጣ ልጅ ከ3.00 ወደ 2.50 ይወርዳል፤ እሱ ይሁን። የሚያስለቅሰው ኤፉ የአካውንቲንግ መሠረት በሆነው ኮርስ፣ ፈንዳሜንታል ዋን ላይ ከሆነ ነው። እሱን ሳያልፉ ፈንዳሜንታል ቱ የለም፤ ኢንተርሚዲየቱና አድቫንስዱም ከኋላ ተሰልፈው ይቆማሉ። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ከሆነ ደግሞ ልጁ የጓደኞቹን ምርቃት ፎቶ እያነሣ ያሳልፋል። ስለዚህ ዕቅድ የሚሠራ ሰው ከመመረቂያው ሴሚስተር ተነሥቶ ወደኋላ ይቁጠር፤ የትኛው ኮርስ የትኛውን ይጠብቃል፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈተውስ የትኛው ነው? ከዚያ የቀረው ክፍተት ነው ለጎን ለጎኑ የሚሆነው። ብዙ ጊዜ ክፍተት አይገኝም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። ሁለት ዲግሪ የያዘውን ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል፤ አጎት ዘመን ይህ ስላልነበረ ዕቅዱ ውስጥ አልገባም።

ዓሣው ቀረበ መሰለኝ፤ “ጎን ለጎንስ?” ላለው ሰው ቶሎ መልስ ልስጥና ልሂድ። ክረምት አለ፤ ክፍልም ፈተናም የለም። ሐምሌ 2016 ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ፣ አንድሮይድና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በኦንላይን ያስተምራል፤ በነፃ፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። ችግሩ አንድ ነው፤ ስላልተከፈለበት ዘመድ ፊት ሲጠራ ሚዛን አይደፋም።